ቀለም ያልነካው ሹካ

ሱቄን የዘጋሁት ባለፈው ዓመት መስቀል በዋለ በሳምንቱ ነው። እንጅባራ ውስጥ፣ እኛ ነባሮቹ ዛሬም ቆሰበር በምንለው ከተማ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ብስክሌት ስጠግን ኖሬያለሁ። ሥራው አስጠልቶኝ አይደለም የተውሁት። አንድ ጠዋት የደንበኛ ጎማ ሳቃና ቆየሁና "አሁን ልክ ሆኗል" ብዬ አስረከብሁት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አሽከረከረውና፣ "አያ ጥሩነህ፣ ይኼ እኮ ገና ይወላገዳል" አለኝ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ለእኔ ቀጥ ብሎ ነው የሚዞረው። እውነቱን ግን እሱ ነበር የተናገረው። ዓይኑ የደከመ ጠጋኝ የሰው አጥንት ይሰብራል፤ ይኼን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በዚያው ሰሞን ቤቱን ለአንድ ሞባይል ጠጋኝ ለቀቅሁ።

ልጄ "የሥራ ዘመንህን ጻፈው" ብላ ደብተር ሰጥታኛለች። ሁሉንም ልጽፍ ብነሣ አያልቅም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ በእጄ ስላለፈው ስለ መምህር ደሴ ብስክሌት እጽፋለሁ። ሌላው ሁሉ የሚነሣው በእሱ ምክንያት ነው።

ሙያውን የተማርሁት ዳንግላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ፈትቼ ተቀመጥሁ። አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። የጋሪውን ጎማ የሚያሠራው ጋሽ ኑርዬ ዘንድ ነበርና አንድ ቀን ይዞኝ ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ ቁመቴ ከሁለቱም ይበልጣል። ጋሽ ኑርዬ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ "እጅህን አሳየኝ" አሉኝ። ዘረጋሁ። "ንጹሕ ነው። እናቆሽሸዋለን" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዚህ ተቀጠርሁ።

ጋሽ ኑርዬ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ብስክሌት ሲመጣላቸው ብረቱን ከመንካታቸው በፊት ባለቤቱን ይጠይቁታል። "ማን ነው የሚነዳው? ምን ይጭንበታል? በየት በኩል ይሄዳል?" ሰው ይሰለቻል። አንድ ጊዜ ከአዲስ ቅዳም የመጣ ከሰል ነጋዴ ጎማው ተንፍሶ መጣ።

"ይኼን ብቻ ለጥፉልኝ፣ እቸኩላለሁ" አለ።

"ምን ትጭናለህ?" አሉት።

"ከሰል። ሁለት ጆንያ።"

ፍሬኑን ጨበጥ አደረጉት። ላስቲኩ አልቆ ብረት ለብረት ይፋጫል። "ይኼስ?" አሉት።

"እሱን ተዉት ጋሽ ኑርዬ፣ ጎማውን ብቻ።"

"ማቆሚያ ለሌለው ሰው መሄጃ አልሠራም" ብለው ብስክሌቱን መለሱለት። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ። ወዲያው ደግሞ ተመልሶ መጣ፤ ፍሬኑም ተሠራለት።

ሲፈቱ የሚወጣውን ብሎንና ዳዶ ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ በወጣበት ተራ ይደረድሩታል። የኩሽኔታውን ኳሶች በነጭ ጋዝ አጥበው አንድ በአንድ እየቆጠሩ ነው የሚመልሱት። ጎማ ሲያቃኑ አይናገሩም፤ ሽቦዎቹን በጥፍራቸው እንደ ክራር መታ መታ እያደረጉ ድምፃቸውን ያዳምጣሉ። የላላው ሽቦ ድምፁ ይደፈናል፤ እሱን ያጠብቁታል።

ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ስንጥቅ ነበር። የተጠረጠረ ብረት ሲያገኙ መጀመሪያ ቀለሙን ፍቀው ያስለቅቃሉ። ከዚያ በነጭ ጋዝ ያርሱታል፣ ቆይተው በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል፣ በላዩ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰንሱበታል። ብረቱ ደህና ከሆነ ጠመኔው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከተሰነጠቀ ግን ውስጥ የገባው ጋዝ ቀስ ብሎ ይወጣና ጠመኔው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ያሰምራል። መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀን፣ "ቀለም የብረት ውሸት ነው፤ የተበየደ ነገር አትቀባ" አሉኝ።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ባለቤቱ የሚጭነውን ያህል ድንጋይ ጭነው ራሳቸው ይነዱታል። እኚያ አጭር ሰው ድንጋይ ጭነው ዳገቱን ሲወጡ ሰው ይስቅባቸዋል። እሳቸው አይመልሱም። ሲወርዱ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ነው የሚወርዱት። የሆነ ድምፅ ከሰሙ ብስክሌቱ ተመልሶ ይፈታል።

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ለገጠር ሠራተኞቹ ብስክሌት አድሎ ጠጋኝ ይፈልግ ነበርና ተቀጠርሁ፤ ጥሊሊም መደቡኝ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም የማይቀር ነበር። ሚስት ያገባሁትም በእሱ ነው። አለቃዬ ፎርም የሚወድ ሰው ነበር። "ዛሬ ስንት አወጣህ?" ነው ጥያቄው፤ ማን እንደሚነዳው ጠይቆኝ አያውቅም። ቀስ በቀስ እኔም መጠየቁን ተውሁ። በትርፍ ጊዜዬ የከተማውን ሰው ብስክሌት እሠራ ነበር። ከመምህር ደሴ ጋር የተዋወቅሁት ያኔ ነው።

ደሴ ከጥሊሊ ራቅ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ ከእኔ በስምንት ዓመት የሚያንስ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ብስክሌቱን እንደ ፈረስ ይወዳታል። ጭቃ ሳትደርቅባት ያጥባታል። አንድ የክረምት መግቢያ ላይ የፊተኛውን ጎማ ከሁለት ወገን አቅፎ የሚይዘው ብረት፣ እኛ ሹካ የምንለው፣ ከላይ በኩል ተሰንጥቆ መጣ። አዲስ ሹካ ከባሕር ዳር ማስመጣት ከሳምንት በላይ ይፈጃል።

"ሰኞ ልጆቹን እፈትናለሁ፤ የፈተናውን ወረቀት የማመላልሰው በእሷ ነው። መላ የለውም፣ አያ ጥሩነህ?" አለኝ።

"ይበየዳል" አልሁት።

በያጁ በየደው። ስንጥቁ ተዘጋ፤ ጠባሳው ግን አብጦ ይታያል። በሞረድ አስተካከልሁት። ከዚያ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ለምን እንደቀባሁት ብዙ ዓመት ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። እሱ እንዳይሰጋ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። እውነቱ ግን እኔም እንዳላየው ነው የቀባሁት። በጠመኔ አልፈተንሁትም። ዝናብ ነበርና ጭነት ጭኜ አልነዳሁትም። የአለቃዬም ሥራ ተከምሮ ይጠብቀኝ ነበር፤ እሱን ሰበብ አድርጌ አውቃለሁ፤ ብሩሹን የያዘው እጅ ግን የእኔ ነው።

ሲረከበኝ ሹካውን በመዳፉ አበስ አደረገና፣ "ይተማመኑበታል?" አለኝ።

"ዕድሜህን ሙሉ ትነዳዋለህ" አልሁት።

አሥራ አንድ ቀን ነዳው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በመንገዱ ካለ ወንዝ በላይ ባለው ቁልቁለት ሹካው ተቆረጠ። በፊቱ ተደፍቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ቀኝ እጁም ከክርኑ ላይ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበርና ሲድን አልዘረጋ አለ።

ብስክሌቱን ያመጡት ለእኔ ነው፤ ጠጋኙ እኔ ነኛ። ሹካው የተሰበረው ልክ የተበየደበት ላይ ነው። ብየዳው ላይ ላዩን ብቻ ይዞ ውስጡ እንዳለ ስንጥቅ ነበር። ከጥቁሩ ቀለም ሥር የቆየ ዝገት ይታያል።

ሐኪም ቤት ሄጄ ጠየቅሁት። ፊቱ በፋሻ ተሸፍኗል። ሚስቱ የሁለት ወር ሕፃን ታቅፋ እግርጌው ተቀምጣለች።

"ድንጋይ መሰለኝ የመታኝ። አላየሁትም" አለኝ። ከዚያም፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ አያ ጥሩነህ፣ እንዲያ ለፍተው የሠሩትን ሰበርሁት" አለኝ።

"አይዞህ" ብዬ ወጣሁ።

የተሰበረውን ሹካ በጆንያ ጠቅልዬ ዳንግላ ወረድሁ። ጋሽ ኑርዬ አርጅተው ነበር፤ ቢሆንም ከጨርቃቸው ፊት አልተነሡም። ሹካውን ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ቀለሙን ማን ቀባው?" አሉኝ።

"እኔ።"

"ሰውየው አለ?"

"አለ። ዓይኑ ጠፍቷል።"

"ነገርኸው?"

"አልነገርሁትም። ድንጋይ የመታው መስሎታል።"

ሹካውን በጆንያው መልሰው ጠቀለሉት። "እንግዲያው ሥራህ አላለቀም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር በዓይናቸው ይጠይቁኛል፤ እኔም መሬት መሬት አያለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታመሙ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ከሰው መሀል እጄን ሳብ አድርገው፣ "ነገርኸው?" አሉኝ። "ገና ነው" አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በሳምንቱ ተቀበሩ።

መሥሪያ ቤቱ ብስክሌቱን ትቶ ሞተር ሳይክል ሲያስገባ እኔ ተቀንሼ ቆሰበር ሱቅ ከፈትሁ። የጋሽ ኑርዬን ሥርዓት አንድ ሳላጎድል ነው የሠራሁት። ጥያቄዎቹን እጠይቃለሁ፣ ኳሶቹን እቆጥራለሁ፣ ድንጋይ ጭኜ እነዳለሁ። ሰው "ጥንቁቅ ነው" ይለኝ ነበር። ስሰማው ያሳፍረኛል። በዓመት በዓል ጥሊሊ እሄድና ደሴን እጠይቀዋለሁ። በግራ እጁ መጻፍ ተለማምዶ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ስቀውበት፣ በኋላ ግን ለምደውት ነበር። ብስክሌት ዳግመኛ አልነካም። ሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ይሄዳል፣ ሁለት ሰዓት ይመለሳል። ሚስቱ ጠላ ትቀዳልኛለች፣ እንጀራ ታቀርብልኛለች። በልቼ እመለሳለሁ። በየበዓሉ ልነግረው ቆርጬ እሄዳለሁ፤ በየበዓሉ ሳልነግረው እመለሳለሁ። እንዲህ ሆኖ ሃያ ዓመት አለፈ።

ቤንዚን የጠፋበት ሰሞን ነበር። ባጃጆቹ ማደያው በር ላይ ተሰልፈው ይውላሉ፤ ሚኒባስም በቀን አንድ ቢገኝ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ትከሻዋ ላይ የብስክሌት ቴላዮ፣ ማለትም ጎማም መሪም ኮርቻም የሌለው ባዶ የብረት አካል፣ ተሸክማ ሱቄ ገባች።

"ጋሼ፣ ፈንታነሽ ነኝ፤ የመምህር ደሴ ልጅ" አለችኝ።

ያቺ ሐኪም ቤት ያየኋት ሕፃን ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ከጥሊሊ ራቅ ያለ ቀበሌ ተመድባለች። ቴላዮውን መሬት ላይ ስታስቀምጠው አወቅሁት። ሌላው ዕቃ በየጊዜው ተፈትቶ ተሽጧል፤ እሱ ብቻ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

"አባባ 'ወደ አያ ጥሩነህ ውሰጂው፤ ከእሳቸው ሌላ ሰው እንዳይነካው' አለኝ" አለችኝ።

በርጩማዬ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ልማዴ ስለሆነ ጠየቅኋት። "ማን ነው የሚነዳው?"

"እኔ።"

"ምን ትጭኝበታለሽ?"

"የክትባት ሳጥን። ቅዳሜ ቅዳሜ የእናቴን ድንች ወደ ገበያ። ውኃ በጀሪካን። አንዳንዴ በእግሩ መሄድ ያቃተው በሽተኛ።"

"በየት በኩል ነው መንገድሽ?"

"ዳገትም ቁልቁለትም አለው፤ ክረምት ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ወንዝም አለ።" ትንሽ አሰበችና፣ "ያለኝ ይኼ ብቻ ነው ጋሼ፤ ሁሉን የሚችል አድርጉልኝ" አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ የዚያን ያህል ጊዜ የወሰድሁበት ብስክሌት የለም። መጀመሪያ ቴላዮው ራሱ ቀጥ ያለ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። ከፊቱ አንገት ተነሥቼ በሁለቱም ጎን እስከ ኋላው ጎማ መያዣ ክር ወጠርሁ። በአንደኛው ወገን ክሩ ከመሀለኛው ብረት የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ይርቃል። ያን ጊዜ ሲወድቅ የተጣመመ ነው። በወፍራም የባሕር ዛፍ እንጨት እየተጫንሁ፣ እየለካሁ፣ ደግሞ እየተጫንሁ ሁለት ቀን ሙሉ አቃናሁት። ፔዳሉ የሚዞርበትን ቤት ዝገት በነጭ ጋዝ አለሰለስሁ፤ ኩሽኔታውን በአዲስ ቀይሬ በግራሶ ሞላሁት።

ጎማ የመረጥሁላት ወፈር ያለውን፣ ጥርሱ ጭቃ የሚነክሰውን ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ራሴ አሰርሁ፤ የኋላው ጭነት ስለሚበዛበት ወፍራም ሽቦ ሰጠሁት። የእኛ አገር ጭቃ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ ጭቃ የሚከላከለውን ፓራፋንጎ ከጎማው ሁለት ጣት አርቄ ከፍ አድርጌ ሰቀልሁት፤ አለበለዚያ ያንቀዋል። ማርሹን አምስት አደረግሁት። ከዚያ በላይ ቢበዛ በገጠር ሲበላሽ የሚሠራው የለም። ግን ከአምስቱ አንዱ፣ ጭነት ተይዞ ዳገት ተቀምጠው የሚወጡበት ቀላል ማርሽ እንዲሆን አደረግሁ። ማቆሚያውን ባለ ሁለት እግር መረጥሁ፤ ብቻዋን ስትጭን እንዳይወድቅባት። የኋላውን መጫኛ የሠራሁት በብረት ዘንግና በቀርከሃ ነው። በቀርከሃ ሥራ እዚህ የሚበልጠን የለም። አንድ ሽማግሌ ባለሙያ በእሳት እያሞቁ ጎበጥ አድርገው ሠሩልኝ። ሳጥኑ የሚቀመጥበት ወለል ተነሥቶ ጆንያ ይጫንበታል። ሁሉንም በብሎን አሰርሁት እንጂ አንድም ቦታ አላስበየድሁም።

ሹካውን ለመጨረሻ አስቀረሁት። አዲስ ቢጠፋ ከዳንግላ ቁራሌ ሠፈር ሦስት አሮጌ ሹካ ሰብስቤ መጣሁ። ሦስቱንም ቀለማቸውን ፋቅሁ፣ በጋዝ አራስሁ፣ ጠመኔ ነሰነስሁ። ሁለቱ መስመር አወጡ፤ ጣልኋቸው። ሦስተኛው ነጭ ሆኖ ቀረ። በማግሥቱ ደገምሁት፤ ነጭ። እሱን ገጠምሁ። አልቀባሁትም። እንዳይዝግ ዘይት ብቻ ቀባ አደረግሁት።

በመጨረሻም የክትባት ሳጥኑንና የጆንያውን ክብደት በድንጋይ ጭኜ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ወጥቼ ወረድሁ። ከስልሳ አልፌ ነበር። ሰው ሳቀብኝ። ምንም ድምፅ አልሰማሁም፤ ብስክሌቱ አልቋል። ላስረክባት የምችል መሰለኝ። ግን ፈንታነሽ ሁሉን የሚችል ብስክሌት ስትጠይቀኝ ይኼ እጅ ምን እንደሠራ አታውቅም። አባቷም አያውቅም። ሳያውቁ ቢረከቡኝ ያንኑ ጥቁር ቀለም ደግሜ መቀባቴ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ብስክሌቱን ራሴ ነድቼ ጥሊሊ ገባሁ። ደሴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ፈንታነሽ ብስክሌቱን ስታየው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"መምህር፣ ከማስረከቤ በፊት የምነግርህ ነገር አለ" አልሁት።

"ይንገሩኝ እንጂ፤ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ" አለኝ።

አልተቀመጥሁም። ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት። ብየዳውን፣ ቀለሙን፣ ሳልፈትነው መስጠቴን፣ ሹካው የት ላይ እንደተሰበረ። ጥቂት ቃል ነው የፈጀው። ሃያ ዓመት የተሸከምሁት ነገር እንዲህ አጭር መሆኑ ገረመኝ።

"ቀለሙ ጥቁር ነበር" አለ ደሴ።

"አዎ፣ ጥቁር ነበር።"

"አስታውሳለሁ። ሲያበራ ደስ ብሎኝ ነበር።" ደህናውን ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። "በዚያ ቁልቁለት በእግሬ ባለፍሁ ቁጥር ድንጋዩን ስፈልገው ኖርሁ። የትኛው ይሆን እያልሁ። ሃያ ዓመት። አንተ ደግሞ በየበዓሉ እየመጣህ እዚህ ቤት ትበላለህ።"

ከተዋወቅን ጀምሮ አንተ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ፈንታነሽ እያለቀሰች፣ "አባባ፣ ተወው፤ አልፈልገውም፣ በእግሬ እሄዳለሁ" አለች።

"ዝም በይ" አላት። ወደ እኔ ዞረና፣ "ፍታው" አለኝ።

መፍቻዬን አውጥቼ እፊቱ ሹካውን ፈታሁ። በግራ እጁ ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠውና ከላይ እስከ ታች ዳበሰው።

"ስንጥቅ የሚጀምረው ከየት ነው?" አለኝ።

ጣቱን ይዤ ሁለቱ እግሮች ከአንገቱ ጋር የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አሳረፍሁለት። "እዚህ ነው። በጥፍር ይሰማል።" የጠመኔውንም ነገር አሳየሁት፤ ጠመኔ በቤቱ ሞልቷል። እየደጋገመ ዳበሰ። ከዚያ መልሼ እንድገጥመው አደረገ። ስጨርስ ተነሣ።

"እጅህን አምናለሁ፤ አፍህን ግን አላምንም" አለኝ። "ልጄ ትነዳዋለች። ቢበላሽ ትሠራላታለህ። አንተ ግን ቤቴ አትምጣ።"

ሚኒባስ አልነበረም። ወደ ቆሰበር የተመለስሁት በእግሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አለፈ። ፈንታነሽ በየሁለት ወሩ ብስክሌቱን ታመጣልኛለች። መጀመሪያ እኔን ማናገር ይከብዳት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ቀለላት። አንድ ሕፃን ታሞ ከእናቱ ጋር ከኋላ ጭናው እስከ ጤና ጣቢያ እየገፋች መድረሷን፣ ወንዝ ስትሻገር ሳጥኑ አለመርጠቡን ነገረችኝ። እኔም ካቴና ማጠብ፣ ፍሬን ማጥበቅ አስተማርኋት። ስለ አባቷ አልጠይቃትም። አንድ ቀን ግን ራሷ፣ "እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሹካውን በጣቱ ይዳብሰዋል፤ ጋዝና ጠመኔ አቀርብለታለሁ" አለችኝ።

ሱቄን ከመዝጋቴ ሁለት ወር በፊት፣ ክረምቱ በጠናበት ሰሞን፣ ሰኞ ጠዋት መጣች። ብስክሌቱን ነድታ አልነበረም የመጣችው፤ ሚኒባስ ላይ አስጭና ነው።

"ምን ሆነ?" አልኋት።

"አባባ ትናንት ሲዳብሰው 'ጥፍሬን ያዘኝ' አለ። እኔ ምንም አላየሁም። 'አትንጂው፤ ጭነሽ ውሰጂለት' አለኝ። ዛሬ ላይኛው ጎጥ ክትባት ነበረብኝ።"

ላይኛው ጎጥ የሚወጣው በትልቁ ዳገት ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ያው ቁልቁለት ነው። ሹካውን ፈታሁ። በጋዝ አራስሁ፣ ጠረግሁ፣ ጠመኔ ነሰነስሁ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። እኔ መነጽሬን እስክፈልግ እሷ አየችው። "ይኸውና" አለች፣ በቀስታ። ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ወጥቶ ነበር።

ሹካውን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ፈትኜዋለሁ፤ አልተበየደም፣ አልተቀባም። ብረት ግን ይደክማል። ያን ቀን ያልነገርሁት ቢሆን ኖሮ ያንን ቦታ በጣቱ የሚዳብስ ሰው አይኖርም ነበር። መፍቻውን አስቀመጥሁት። ፈንታነሽም አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በዚያው ሳምንት ከባሕር ዳር አዲስ ሹካ አስመጣሁ። የፋብሪካውን ቀለም ፋቅሁት፣ ፈተንሁት፣ ገጠምሁት፣ ድንጋይ ጭኜ ነዳሁት። ፈንታነሽ ስትወስደው የተሰነጠቀውን አብሬ ልልክ አሰብሁና ተውሁት። ቅዳሜ በጆንያ ጠቅልዬ ራሴ ጥሊሊ ሄድሁ። አትምጣ ስለተባልሁ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አስጠራሁት። ደሴ ወጣ። ሰላም አላለኝም። ሹካውን አቀበልሁት። በጣቱ ፈልጎ ቦታውን አገኘው።

"ይኼው ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ስንት ቀን ይቆይ ነበር?"

"አላውቅም። አንድ ጥሩ ቁልቁለት ይበቃው ነበር።"

"አዲሱስ?"

"ቀለሙን ፍቄዋለሁ። ሁሉም ይታያል።"

የተሰነጠቀውን ሹካ ከቀኝ ክንዱ ሥር ሸጎጠው። ያ ክንድ አይዘረጋም፤ የተሰጠውን ግን ይይዛል። በግራ እጁ የአጥሩን በር ገፋ አድርጎ ከፈተ።

"ይግቡ፣ አያ ጥሩነህ" አለኝ።

ገባሁ።